እግሩን ያጠብነው ተከራይ

ልጅ እያለሁ አከራይ የሚባለው ፍጥረት ቀንድ ያለው ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። በቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፎ ነበር፤ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰውዬ፣ ጣቱ ሁሉ ቀለበት፣ ከጫማው ሥር የተጨፈለቁ ድሆች። መምህራችን እዚያ ወስዶን በዱላው ጫፍ የሰውዬውን ሆድ ነካ እያደረገ «ይህ ማነው?» ሲል እኛ በአንድ ድምፅ «አከራይ!» እንላለን። እኔ ከሁሉም በላይ ነበር የምጮኸው። ድምፄ ተራራውን ዞሮ ይምርሐነ ክርስቶስ ይደርስ ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም፤ የሰሙት መነኮሳት ሁሉ አርፈዋል። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ደርቡን ጠርጋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይህን እናከራየዋለን» አለችኝ። ዓይኔ ቀጥታ የሄደው ወደ ሆዷ ነው። እማዬ ሆድ አልነበራትም። መቀነቷን ስታጠብቅ ለሁለት የምትቆረጥ የምትመስል ቀጭን ሴት ነበረች። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ትወፍራለች» ብዬ በስውር ስጠባበቅ ከረምኩ።

የላሊበላን የድሮ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የእኛም ከቀይ ድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ባለ ደርብ ነበር፤ ታች ከብት፣ ላይ ሰው። ወደ ደርቡ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ስለሆነ፣ ላይ ያለ ሰው ቢወጣ ቢወርድ ታች ያለውን አይነካም። እማዬም ያየችው ይህን ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ሞቷል። የቀረነው አያቴ ቄስ ሞላ፣ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ፈንታውና እኔ ነን። ፈንታው ስምንተኛን ሲጨርስ ለመቀጠል ወልዲያ መውረድ ነበረበት፤ ወልዲያ ደግሞ ዘመድ የሚባል ስለሌለን አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራየ። የእማዬ ሐሳብ ለልጅ እንኳ የሚገባ ነበር፤ ከደርባችን የሚገኘው ኪራይ ወልዲያ ወርዶ የፈንታውን ኪራይ ይከፍላል። ደርቡ ከተከራየ ፈንታው ይማራል። ካልተከራየ ደብተሩን አጥፎ ይመለሳል።

ስለዚህ እኛ ወደ ታች ወረድን፤ ላማችን ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ወደተጠጋ ዳስ ተዛወረች። በቤታችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ተፈናቃይ እሷ ናት። ለአንድ ሳምንት ያህል በበሩ በኩል አንገቷን እያስገባች፣ አልጋዬ የተዘረጋበትን የድሮ ቦታዋን ታይና ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ላም ስታኮርፍ ያላየ ሰው ኩርፊያን አላየም።

ችግሩ ዘመኑ ነበር። ትርፍ ቤት ተወርሶ፣ ኪራይ ለቀበሌ እንጂ ለሰው አይከፈልም በተባለበት ጊዜ፣ ማከራየት የሚሠራ እንጂ የሚወራ ነገር አልነበረም። ተከራይ ያስገባ ሰው «የአክስቴ ልጅ ነው» ይላል። በዚያ ሰሞን ላሊበላ ውስጥ የአክስት ልጅ ያልመጣበት ቤት አልነበረም። እማዬም በገበያ ነጋዴዎች በኩል ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ላጤ ተከራይ ስታፈላልግ ቆይታ አንድ ልብስ ሰፊ ከወገል ጤና እንደሚመጣ፣ በዋጋውም እንደተስማማ መልእክት ደረሳት። የሚመጣው በታኅሣሥ ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች በታኅሣሥ ነው።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ላሊበላ ከተማ መሆኗ ይቀርና የሰው ጎርፍ የሚገናኝባት ሸለቆ ትሆናለች። በየጋራው ወገብ ላይ ነጭ ክር የተዘረጋ ይመስላችኋል፤ ቀርቦ ሲታይ ሰው ነው። ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከዋግ፣ አንዳንዱ ወር ሙሉ ተጉዞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ዓይነ ስውር አባቱን በበትር እየመራ ይመጣል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ የት ሊያድር ነው?» እያልኩ አፌን እከፍት ነበር። መሬቲቱ ግን እንዴት እንደምትችላቸው ትችላቸዋለች። በየበሩ የእንጨት ገበቴ ይቀርባል፤ የሞቀ ውሃ ይፈስሳል፤ የቤቱ ሰው በርከክ ብሎ የተሳላሚውን እግር ያጥባል። የዚያ ውሃ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ቀይ አፈር፣ ላብና ጢስ የጠጣ እንጨት። እግሩ የታጠበለት ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው። ይበላል፣ ያድራል፤ ዋጋ መጠየቅ ቀርቶ ማሰብም ነውር ነው።

አያቴ ቄስ ሞላ በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሰው ፊት በደንብ አይለዩም፤ እግር ግን ይለያሉ። «ይህ የበጌምድር እግር ነው» ይሉ ነበር ውሃ እያፈሰሱ፣ «ይህ ደግሞ ደጋ ያደገ ነው፤ ጣቱ ተሰብስቧል።» በታኅሣሥ በራችንን የረገጠ ፍጥረት ሁሉ እግሩ ሳይታጠብ አያልፍም። ግብር ሊጠይቅ የመጣ የቀበሌ ጸሐፊ ሳይቀር ጫማውን አውልቀው አጥበውታል፤ የመጣበትን ሳይናገር ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

አቶ አለባቸው የደረሰው ቅዳሜ ነው። እማዬ ገበያ ነበረች። አህያው በአንድ ጎኑ የስፌት መኪናዋን ራስ፣ በሌላው ጎኑ የብረት እግሮቿን ተሸክሟል፤ ባለቤቱ ከአህያው በባሰ አቧራ ለብሷል። ረጅም፣ ሸበቶ ጢም ያለው፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው። «ቤቶች!» ብሎ አፉን ከመክፈቱ አያቴ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ገበቴው ቀረበ። እኔ ማን መሆኑን አላውቅም፤ ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

እማዬ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትገባ አያቴ የመጨረሻዋን ጣት በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ነበር። አየች። የስፌት መኪናውን አየች። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ ግቢውን ሞላው።

«አባ፣ ምን አደረጉ?»

«እንግዳ መጣልን። ከወገል ጤና ድረስ በእግሩ ነው የመጣ፤ ተረከዙን ብታዪው የተሰነጠቀ መሬት ነው።»

«ተከራዩ ናቸው እኮ!»

አያቴ ቀና አሉ። «ተከራይ እግር የለውም?»

አቶ አለባቸው እማዬን አየ፤ አያቴን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የታጠበ እግሩን አየ። በፊቱ ላይ ቀስ እያለ የወጣውን ፈገግታ እኔ በሕይወቴ ሁለተኛ አላየሁትም። ያለ ሥራ የመጣለትን ርስት ያየ ሰው ፈገግታ ነበር።

ወሩ ሲሞላ እማዬ ደረጃው ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጀመረች። «እንግዲህ አቶ አለባቸው፣ ወሩም ሞላ፤ ስለ ቤቱ ነገር...»

«እትዬ በላይነሽ!» አለ ደንግጦ፤ ድንጋጤው እንኳ በልኩ የተሰፋ ነበር። «እግሬ በታጠበበት ቤት ገንዘብ ባወጣ የላስታ ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ይሁን፤ እርስዎን ምን ይልዎታል? የላሊበላ ሴት የተሳላሚ እግር አሳጥባ ዋጋ ተቀበለች ሊባል ነው? ይቅርብዎ! እኔ ስምዎን አላስጠፋም።»

እማዬ ስሟን የሚጠብቅላት ሰው አግኝታለች። አመስግና ወደ ቤት ገባች።

ሰውዬው ደግሞ እንግድነቱን በሙሉ ልቡ ነበር የያዘው። ምግብ ቀድሞ የሚቀርበው ለእሱ ነው። «ወጡ ጨው ትንሽ አንሶታል እንጂ እጅዎ የተባረከ ነው» ይላል። ጠዋት የሞቀ ውሃ ይጠይቃል። የስፌት መኪናዋን ሲረግጣት ፈረሰኛ ጦር ጣሪያ ላይ የሚጋልብ ይመስላል፤ ከደርቡ ወለል የሚረግፈው አፈር ቀጥታ ድስታችን ውስጥ ይገባል። በዚያ ዓመት የቤታችንን ወለል ግማሹን በሽሮ በልተነዋል። ጥለት የሚያስገጥም፣ ሱሪ የሚያስጠብብ፣ እንዲያው ወሬ የሚፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ላማችን እንኳ ከዳሷ ሆና በወጣ በወረደ ቁጥር ትቃኝ ነበር።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሰውዬው ተደንቄ ልሞት ነበር። ሜትር አንገቱ ላይ አለ እንጂ አይጠቀምበትም። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ከላይ እስከ ታች አንዴ ያየዋል፤ በቃ። የተሰፋው ልብስ እንደ ቆዳ ይገጥማል። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ፣ የመኪናው ዘይት ሽታ፣ ከመቀሱ ሥር የሚወድቁት ባለ ቀለም ቁርጥራጮች! ለቁርጥራጮቹ ብዬ ደረጃው ላይ ነበር የምውለው። እሱም እየሰፋ ያወራል። በአገሩ በደላንታ ሰማይ ላይ የተቀደደ ደመና በነጭ ክር ሰፍቶ ዝናቡን እንዳቆመ ነግሮኛል። «ክሩ አይታይም?» ስለው «ጎበዝ ሰፊ ክሩ አይታይም» አለኝ። ወሬ የማሳመር ሙያዬን ያገኘሁት ከማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ምክር አላጣችም። «ላሟን ደርብ አውጪያትና አብረው ይኑሩ» አለች። እማዬ ሳቀች፤ ግን ሳቋ ከጉሮሮዋ አልወረደም። ሰው ልካ በዘዴ አስጠየቀችው፤ የተላከው ሰው ሱሪ ለክቶ ተመለሰ። ቀበሌ ሄዳ «ተከራዬ አልከፍል አለኝ» እንዳትል ደግሞ «ተከራዬ» የሚለውን ቃል ከአፏ ባወጣች ቅጽበት ደርቡ ይወረሳል። አቶ አለባቸው ይህን ያውቃል። እሷም ማወቁን ታውቃለች።

ቀበሌ ግን ሳይጠራ መጣ። ያን ሁሉ ወጪ ወራጅ ያየ አንድ ሰው ጠቁሞ ኖሮ፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ ሁለት ጠመንጃ ያነገቱ ጠባቂዎች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። እኔ የአዳራሹ ሥዕል ትዝ አለኝና የእማዬን ቀሚስ ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ቤት አከራይተዋል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ።

 ከላይ የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ማነው ተከራይ?» አለ አቶ አለባቸው ደረጃው ራስ ላይ ብቅ ብሎ፤ ሜትሩን እንደ ጳጳስ መስቀል አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። «እኔን ነው? ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ተሳላሚ ነኝ! የእግዜር እንግዳ ነኝ! አባ በገዛ እጃቸው እግሬን አጥበው ነው ያስገቡኝ። ተከራይ እግሩ ሲታጠብ አይተው ያውቃሉ?»

ሊቀመንበሩ ወደ አያቴ ዞረ። «እውነት ነው አባ?»

«አጥቤዋለሁ» አሉ አያቴ። «ውሃውን መላልሼ ነው የቀየርኩ፤ የደላንታ አፈር አልወርድ ብሎ።»

ሊቀመንበሩ አብዮተኛ ነበር፤ ግን የላሊበላ ልጅ ነው። እሱም በልጅነቱ ውሃ ሲያቀብል አድጓል። ጥቂት አሰበና ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግዲያው እንግዳ ነው! እንግዳ ነው ተብሎ ይታወቅ!» ብሎ ወሰነ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግረ መንገዴን፣ ይቺ ካኪ ብብቷ ላይ ትይዘኛለች። ቢያዩልኝ?»

ጠባቂዎቹ ሲወጡ እትዬ ደብሬ በአጥሩ ላይ «እሰይ፣ ቤትሽ ዳነ!» አለች።

«ከቀበሌ ዳነ» አለች እማዬ። «ከእሳቸውስ ማን ያድንልኛል?»

ከዚያ በኋላ ነው የፈንታው መልእክት የመጣው። ከወልዲያ የመጣ የጨው ነጋዴ በቃል አደረሰልን። የክፍሉ ባለቤት ታግሣው ታግሣው ኪራዩን እስከ ፋሲካ ካልከፈለ እንዲለቅ ነግራዋለች፤ ደብተሮቹን ለጓደኛው ሰጥቶ ልመጣ ነው ይላል። ነጋዴው ሲናገር ከላይ ፈረሰኛው ጦር እየጋለበ ነበር። እማዬ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች፤ አፈር ዓይኗ ውስጥ ገባ። በነጠላዋ ጠረገችው።  

አንድ ጠዋት ስነቃ ቤቱ የተቆላ ገብስ ሸቷል። ያ ሽታ መንገድ ያለው ሽታ ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እግር ያሳክካል። እማዬ ለስንቅ የሚሆን በሶ ልታስፈጭ ነው። የሚሄድ ሰው ግን አልነበረንም።

እትዬ ደብሬ በአጥሩ ላይ ወጣች። «በላይነሽ፣ ማን ሊሄድ ነው?»

«እንግዳችን ናቸው እንጂ። ሁዳዴ ሳይገባ ካገራቸው ሊገቡ።»

«ውይ! መቼ?»

«በዚች እሑድ።»

«ራሳቸው ነገሩሽ?»

እማዬ ገብሱን እያማሰለች፣ ቀና ሳትል «እንግዳ ልሂድ ብሎ በአፉ ይናገራል እንዴ?» አለች። «ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንጂ።»

እትዬ ደብሬ የሰማችውን ወሬ አገር ሳይሰማው አይመሽም ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን አንዷ የዳቦ ቆሎ፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ማር በቅል ይዛ መጣች። የሚወደድ ሰው ነበርና እውነተኛ ሐዘን ነው። ደንበኞቹ ደግሞ «ሊሄዱ ነው አሉ!» እየተባባሉ የሰጡትን ጨርቅ ሊረከቡ ደረጃው ላይ ተሰለፉ። ጨርቅ ይዞ የመጣ የለም፤ ሁሉም የሚወስድ ነው። ከቀናት በኋላ አቶ አለባቸው ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ መኪና ፊት ቀረ። ያኔ ነው ቀስ እያለ የወረደው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሰው ሁሉ መልካም መንገድ ይለኛል። ወዴት ነው የምሄደው?»

«አይ የእርስዎ ነገር!» አለች እማዬ። «እንዳናለቅስ ብለው ነው አይደል ዝም ያሉ? እኛ ግን ደርሰንበታል።»

«እኔ እኮ...»

«እናትዎ በሕይወት አሉ ብለውኝ አልነበር?»

«አሉ።»

«ታዲያ እሳቸው ሁዳዴን ብቻቸውን እንዲጾሙ እኔ ይዤ ላስቀርዎት? ላሊበላን የተሳለመ ሰው በረከቱን ለእናቱ ሳያደርስ ቢቀር በማን የሚሳበብ ይመስልዎታል? በእኛ ነው። እግር አጥበን አስረን አስቀረናቸው እንባላለን። ይቅርብዎ! እኔም ስምዎን አላስጠፋም።»

አቶ አለባቸው ፊቷ ላይ ተንኮል ፈለገ። እኔም አብሬው ፈለግሁ። የለም። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፊት ነበር። «ተከራይ ነኝ» እንዳይል በሊቀመንበሩና በአገሩ ፊት እንግዳ ነኝ ብሎ ምሏል። እንግዳ ደግሞ ከሆነ ይሸኛል። ወደ ደረጃው ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሆነውን ለመናገር እኔ ብቁ አይደለሁም። የላሊበላ ሕዝብ ነጭ ለብሶ ግቢያችንን ሞላው። ጎረምሶች የስፌት መኪናዋን እንደ ታቦት ተጠንቅቀው አወረዷት፤ እማዬ የገዛ ራሷን ጋቢ አምጥታ ጠቀለለችባት። አህያው ስንቁ በዝቶበት ጆሮው ብቻ ይታያል። ሊቀመንበሩ ብብቱ የተስተካከለ ካኪውን ለብሶ ከፊት ቆመ፤ ለእሱም ቢሆን ሽኝት ሽኝት ነው። የአያቴ ባልንጀሮች ካህናት መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ከበሮ ተመታ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ አለባቸው መሐል ላይ፣ ረጅም አንገቱን ደፍቶ፣ ለእያንዳንዱ እጅ እየነሳ ይራመዳል። ለሹመት የሚሄድ ደጃዝማች እንጂ ከቤት የሚወጣ ሰው አይመስልም። እኔ ጨርቅ ቁርጥራጮቼን አንገቴ ላይ አስሬ እየዘለልኩ እከተላለሁ። ያን ቀን ላሊበላን የሠሯት መላእክት ናቸው ሲባል ለምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ይህን ያደረገችው ያቺ ቀጭን ሴት መሆኗን የሚያውቅ የለም፤ ድንጋዩን ማን እንደፈለፈለውም አልታየም።

ከተማዋ የምትሰወርበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። አያቴ መስቀላቸውን አሳለሙት። «መንገዱን ያቅናልህ ልጄ» አሉ። «እንዲያው ሆድ ከባሰህ ነገም ተመለስ፤ ቤቱ ቤትህ ነው።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እማዬ አሜን ከማለቷ በፊት የሆነ ነገር ስትውጥ አይቻለሁ።

አቶ አለባቸው ሁሉንም ተሰናብቶ በመጨረሻ ወደ እሷ መጣ። ጎንበስ አለ፤ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «በዓይን ብቻ ልክ የሚወስድ ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እትዬ በላይነሽ» አላት። በቀልድ አልነበረም። በፊቱ ላይ የነበረው ነገር በኋላ ትልቅ ሰው ስሆን ነው የገባኝ፤ አክብሮት ነው።

እማዬ እያለቀሰች ነበር። እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ይንጠለጠላል፤ አልጠረገችውም። አህያው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ፣ አቧራው እስኪረግብ እዚያው ቆማ አየችው። ሰው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ የቀረነው እኛ ነበርን።

ከዚያ የሆነው በአጭሩ ይኸውላችሁ። ሁዳዴ ሳይጋመስ ደርቡን አንድ አስተማሪ ከነሚስቱ ገቡበት። እማዬ በር ላይ ራሷ ቆማ ጠበቀቻቸው። ውሃም አቀረበች፤ ውሃ አለማቅረብማ አይሆንላትም። ግን ገበቴውን ከፊታቸው አስቀምጣ «እግርዎን ራስዎ ይታጠቡ፤ የቤቱ ወግ ነው» አለቻቸው። አያቴን ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሥራ አለ ብላ ልካቸው ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ የፈንታው አከራይ የሚገባትን አገኘች፤ ፈንታው ደብተሮቹን ከጓደኛው መልሶ ወሰደ። አስተማሪ ሆነ፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሲናገር አሁንም እንደ አያቴ ቀስ ይላል። አቶ አለባቸው ተመልሶ አልመጣም።

ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ማለቴ ለሴትም ጎረምሳ መባል ካለ፣ እማዬን ደፍሬ ጠየቅኋት። «ያ እንባ የውሸት ነበር?»

«የምን የውሸት?» አለች ተቆጥታ። «ሰው ሲሄድ ላይለቀስ ነው? ከመሶቤ የበላ ሰው ነው!»

«ያባረርሽው አንቺ ነሽ እኮ እማዬ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ማንንም አላባረርኩም። ሸኘሁ።»

አሁን እኔ ራሴ ወልዲያ ውስጥ አከራይ ነኝ። ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ ሆዴም ቢሆን በአቅሙ ከፊት መቅደም ጀምሯል። ተከራዮቼ እግዚአብሔር ይስጣቸው ለሳቅ አላሳነሱኝም። አንዱ ቧንቧ ከፍቶ ሥራ ይሄዳል፤ አንዷ የማታ ትምህርት ላይ ነኝ ብላ አውራ ዶሮ ታረባለች። ግን ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም። ውል አለ፣ ምስክር አለ፣ ማኅተም አለ፣ ማስጠንቀቂያ በስልክ ይላካል። የእማዬን ጭንቀት የሚያህል ጭንቀት አላውቅም። ሁሉም ነገር ልክ ልኩን ይዟል።

ባለፈው ሰሞን የመሐለኛው ክፍል ተከራይ ለቀቀ። ሁለት ዓመት ያህል የኖረ፣ ትሑት ልጅ ነበር። መልቀቁን ያወቅሁት ቁልፉን በር ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው። ጎረቤት ብጠይቅ ዕቃውን ሲጭን ያየ የለም፤ አንዳንዱማ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መኖሩንም አልሰማም። ገብቼ ክፍሉን ስጠርግ ቆም አልኩ። ስሙን እስከ አያቱ አውቃለሁ፤ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ ፊርማው፣ የጣት አሻራው ውሉ ላይ አለ። አገሩ የት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እዚያው ባዶ ክፍል ውስጥ መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ ልሸኘው ብነሳ ኖሮ የስንት ቀን መንገድ ስንቅ እንደምቋጥርለት ባስብ ባስብ ጠፋኝ።